ልዩ ልዩ የሚለው ማህደር

እትዬ ግልባጭ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ፣ ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ሁሉ «ግልባጩስ?» እያሉ ስላፋጠጡት ነው ባልደረባው ተባብሮ የሰየማቸው። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አንድ ቀን ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት አንጠልጥለው ቢመጡ፣ «ይሄ ደብዳቤ አይደለም፣ ወሬ ነው» ብለው መለሷቸው። ተመለሱ፤ ምን ያድርጉ! በዚያች መስኮት ውሸት አልፎ አያውቅም እየተባለ ይወራ ነበር። እትዬም ይሄ ሲወራ ጆሯቸውን ደፍነው አያውቁም።

አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ከታናሽ እህታቸው ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ። እህትየው ከጨርቅ አሻንጉሊት ትሰፋለች፤ እትዬ ደግሞ የሕፃናት ሹራብና ኮፍያ ይሠራሉ፣ ክር ሲተርፋቸውም ለአሻንጉሊቶቹ መዳፍ የማትሞላ ሹራብ ጣል ያደርጉላቸዋል። የእህትየው ልጅ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ባለፈው ዓመት መጥታ ዕቃውን ሁሉ ፎቶ አነሳችና ኢንተርኔት ላይ ለገበያ አወጣችው፤ ለሁለቱም በየስልካቸው የክፍያ አካውንት ከፈተችላቸው። ይኸውላችሁ፣ አይተውት የማያውቁት ሰው ገንዘብ እየላከ ሹራብ ያዛል! የመጀመሪያዋ ክፍያ የገባች ቀን እትዬ ስልኩን እንደ ሕፃን አቅፈውት ነው የዋሉት።

የሚጠራቀመው ለጥርስ ነበር። በቀኝ በኩል አራት መንጋጋ የላቸውም፤ ዳቦ በግራ ብቻ ሲያኝኩ አንገታቸው ሳይቀር ዘመም ይላል። ሐኪሙ ልኬት ወስዶ ቀን ቆርጦላቸው ነበር። እህትየው ደግሞ የምታጠራቅመው ለስፌት ማሽን ነው፤ የድሮው ሁለት ሰፍቶ አንዱን ይዘላል።

ታዲያ የዛሬ አራት ወር ለእትዬ ግልባጭ በኢሜይል አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። ደብዳቤ ማለት ያ ነበር! ከላይ የክፍያ ድርጅቱ አርማ፣ በስተቀኝ ቁጥርና ቀን፣ መሐል ላይ «ጉዳዩ፦ አካውንትዎ ስለመታገዱ»፣ ከሥር ፊርማና ክብ ማህተም። በስተመጨረሻም «ግልባጭ፦ ለሂሳብ ክፍል» የሚለውን ሲያዩ ልባቸው ፍስስ አለ። ስንቱ የተማረ ሰው ግልባጭ በሚረሳበት ዘመን! በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ አካውንቱ ይዘጋል ይላል። እውነተኛ አስቸኳይ ደብዳቤ እኮ በሁለት ሳምንቱ ነበር መዝገብ ቤት የሚደርሰው፤ ይሄን እሳቸው ካልጠረጠሩት ማን ይጠርጥረው? አልጠረጠሩም። «እዚህ ይጫኑ» የምትለውን ሰማያዊ ጽሑፍ ተጫኑ። የተከፈተው ገጽ የለመዱትን ይመስላል። የሚስጥር ቁጥራቸውን ጻፉ፣ በአጭር መልእክት የገባችላቸውን ኮድ ጨመሩ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው እጅጌ መሥራት ቀጠሉ። እጅጌው ሳያልቅ አካውንቱ ባዶ ሆነ።

ድርጅቱ ጋ ሲደውሉ አንዲት ትሁት ልጅ አነጋገረቻቸው። «እማማ፣ እኛ የሚስጥር ቁጥርም ሆነ ኮድ በኢሜይል አንጠይቅም። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ እሱ ላይ ያለውን ምንም ሳይነኩ፣ በራስዎ መተግበሪያውን ከፍተው ይዩ። እውነት ችግር ካለ እዚያው ያገኙታል» አለቻቸው። አዝና ነው የነገረቻቸው። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ለማን ይናገሩ? በምን አፋቸው? ወረቀት መጣል ግን አይሆንላቸውም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደው ደብዳቤውን አሳተሙት፣ በሱት፣ ማህደር ውስጥ አስገቡት፣ ማህደሩ ላይም «ልዩ ልዩ» ብለው ጻፉበት። የመዝገብ ቤት ሰው የት እንደሚያኖረው የጨነቀውን ሁሉ ልዩ ልዩ ነው የሚለው። ለሐኪሙ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አሉት፤ ለእህታቸው ደግሞ «ገዢ ቀዝቅዟል»። እህትየው አመነች። እትዬ ዋሽተው አያውቁማ!

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ተንኳኳ። «እትዬ፣ ብቅ በይ እስቲ!»

ሲገቡ እህትየው ስፌት ጠረጴዛዋ ላይ ናት። ጉልበቷ ላይ ዓይን ያልተሰፋላት አሻንጉሊት አስተኝታ፣ ስልኳን የአዝራር ጣሳው ላይ አስደግፋዋለች።

«አካውንቴ ሊታገድ ነው አሉኝ» አለች። «ግን አትደንግጪ፣ ደብዳቤውን አንቺ እንዳስተማርሽኝ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው። ግልባጭ እንኳ አድርገውለታል! የስልክ ቁጥሬን ሞልቻለሁ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ነው የቀረኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን ሳያደርጉ አወቁት።

«አትንኪው!»

«እንዴ! ምነው?»

«ውሸት ነው። የሌባ ደብዳቤ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

የፈሩት ይሄን ጥያቄ ነው። «ስምሽ የታለ?» አሉ። «ውድ ደንበኛችን ብቻ ነው የሚለው። አካውንት የከፈተልሽ ድርጅት ስምሽን ያጣዋል?»

«ደንበኛቸው አይደለሁም እንዴ?»

«እሺ፣ የላኪውን ስም ጫን አድርጊውና ከኋላው ያለውን አድራሻ እይው። ይኸው፣ ፊደልና ቁጥር የተዘባረቀበት። የድርጅቱ ስም የት አለ?»

«እትዬ ደግሞ! የኮምፒውተር አድራሻ መቼ ገብቶን ያውቃል? አንቺ አይደለሽ ቁጥርና ግልባጭ ያለው ደብዳቤ አያሰጋም ስትዪኝ የኖርሽው? ነገ ለማሽኑ ልከፍል ነው። ዛሬ ቢዘጋብኝስ?»

ጣቷ ወደ ስልኩ ሄደ። እትዬ ቀድመው ላፍ አደረጉት።

«አምጪው! ምን ሆነሻል ዛሬ? ያንቺ ገዢ ስለቀዘቀዘ የኔም እንዲዘጋ ነው?»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ግን አልመለሰችውም።

እትዬ ክው አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቤቱን በጩኸት ይሞሉት ነበር። አሁን ምን ብለው ይቆጡ? ገዢ ቀዝቅዟል ያለው ማን ሆነና! የገዛ ውሸታቸው ነው ዞሮ የመጣባቸው። ስልኩን እንደያዙ ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

መደርደሪያው ፊት ቆሙ። ስልኩን ደብቄ ብውልስ አሉ በሆዳቸው። ነገ ግን በጎረቤት ስልክም ቢሆን ትገባበታለች፤ እልኸኛ ናት፣ ያውቋታል። እትዬ አትታለልም ብላ ከልቧ የምታምን አንዲት ሰው ብትቀራቸው እሷ ናት፤ ይቺንም ዛሬ ሊያጧት ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በንዴት ጠረጉትና ማህደሩን ከመደርደሪያው ጎትተው አወጡት።

እህትየው ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ስልኩንም አጠገቡ አኖሩት። «ስልክሽ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ» አሉ።

«አርባ አራት ሰባ አንድ።»

«ወረቀቱ ላይ ያለውንስ?»

እህትየው ጎንበስ አለች። «አርባ አራት ሰባ አንድ። አንድ ነው።»

«አንድ የወጪ ቁጥር ለሁለት ደብዳቤ አይሰጥም። የትም አገር፣ የትኛውም መሥሪያ ቤት። እነዚህ ሰዎች መዝገብ የላቸውም። ቁጥሩን ለጌጥ ነው የለጠፉት።»

እህትየው ግን ቁጥሩን ትታ ወረቀቱን እያየች ነበር፤ ቀኑን፣ መብሻው የበሳውን ቀዳዳ፣ ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈውን የእትዬን ቁልቁል የሚወርድ እጅ ጽሑፍ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ተጭነሽው ነበር?»

«ግልባጩን አየሁና ተጫንኩት።»

«ስንት ወሰዱብሽ?»

«ሁሉንም።»

«የጥርስሽን?»

«የጥርሴን።»

አሻንጉሊቷ ከጉልበቷ ወደቀች። «አራት ወር ሙሉ!» አለች እህትየው። «እኔ ደግሞ ደረቅ ዳቦ ይጣፍጣል እያልኩ አመጣልሻለሁ! ምነው እትዬ፣ ለኔ እንኳ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ስልሽ ኖሬ…»

«አንቺ ሞኝ!» አለቻቸው እህታቸው፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ አለችና አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬም አለቀሱ። አራት ወር የያዙት ነበር፣ ይውጣላቸው።

ከዚያ ሥራ ጀመሩ። ያቺን ገጽ ዘጉ። የእህትየው ልጅ ስልኩ ላይ የጫነችውን የድርጅቱን መተግበሪያ ራሳቸው ከፈቱት፤ እገዳ የሚባል ነገር የለም፣ የማሽኑ ገንዘብ ቁጭ ብሏል። የሚስጥር ቁጥሩን ቀየሩ። ለድርጅቱ ደውለው አመለከቱ። ለልጅቷም ደወሉላት፤ በሁለቱም ላይ እንደ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ጮኸችባቸው፣ እነሱም እሺ፣ እሺ አሉ።

በዚያው ቀን እትዬ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ሰርዘው «የሌባ ደብዳቤዎች» ብለው ጻፉበት። የእህትየው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ሆነ። ጥርሱ እንደሆነ ገና ነው፤ ሹራቡ እንደ አዲስ እየተሠራለት ነው፣ ከየአሻንጉሊቱ ሽያጭም እህትየው በግድ ድርሻ ታስገባበታለች። ዳቦው ግን አሁን ለስላሳ ነው የሚገዛው።

የእህትየው አፍ መቼም አያርፍም፤ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ስልኩን ይዞ የሚመጣ ሰው በዛ፣ ማህደሩም ወፈረ። ትናንት ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የጥንቱ ሥራ አስኪያጅ! ጡረታ ወጥተዋል፣ ከስተዋል። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«የመጣሁት ለራሴ አይደለም» አሉ። «አንድ ወዳጄ ነው… እንዲህ ያለ መልእክት መጣለትና፣ ተቻኩሎ… ሚስቱም አታውቅም።» ቀና ብለው አላዩም።

እትዬ ግልባጭ ይቺን ድምፅ ያውቋታል፤ አራት ወር ሙሉ የራሳቸው ድምፅ ነበረች። ወዳጅዎ ማነው ብለው አልጠየቁም። ማህደሩን አምጥተው የሰውየው ጉልበት ላይ ከፈቱላቸው።

«ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩ» አሉ። «እሱ የኔ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ አነበቡ፤ ቀስ ብለው እስከ ታች ወረዱ። መጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔም ግልባጭ ነበረው» አሉ።