ሁለት ሰባኪዎች በአንድ ግቢ

የካዛንቺሱ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ሰባኪዎች አብረው የከረሙበት ጊዜ ነበር። አንደኛው አጎቴ ናቸው፤ ለዓይን ሕክምና ከገዳም የመጡ መነኩሴ። ሁላችንም «አባ» ነበር የምንላቸው። ሌላው ተከራያችን ነው፤ ኢትዮጵያውያንን ወደ ክርስቶስ እንዲያመጣ ከእንግሊዝ የተላከ ወጣት። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ስለተባለ በመሃላቸው አስተርጓሚ ሆንኩ።

አባ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው አጠገብ ፀሐይ ይሞቃሉ። እንግሊዙ በርጩማውን ይዞ መጣና መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ።

«ስለ ኢየሱስ ሰምተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለኝ።

አባ ከመነኮሱ አርባ ዓመት የሆናቸው ሰው ናቸው። እንዳለ ለመተርጎም ነውር መሰለኝና፣ «ስለ ገዳም ሕይወት ያስተምሩኝ ይላል» አልኳቸው። የአባ ፊት በራ። ሰዓት ሙሉ አስተማሩት። ለእሱ ደግሞ፣ «ጥያቄ ብዙ ነው ያላቸው፤ ነገም ና» አልኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን አባ፣ «ለመሆኑ እናንተን ማን አጠመቃችሁ?» አሉት። ይችን በትክክል ተረጎምኩ።

እንግሊዙ ደስ ብሎት ተረከ። አንግሎ ሳክሶን የሚባሉት ቅድመ አያቶቹ ጣዖት ያመልኩ ነበር። የሮማው ፓፓ አንድ መነኩሴ ከነጓደኞቹ ላከላቸው። መነኩሴዎቹ ግን መንገድ ላይ የሚወራባቸውን ሰምተው ፈሩ፤ አለቃቸውም «ይቅርብን» ሊል ወደ ሮማ ተመለሰ። ፓፓው አይሆንም ብሎ መልሶ ላከው።

አባ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እናንተን ማን አይፈራም፤ እውነቱን ነው! ንጉሡስ ተቀበለው?»

«ቤት ውስጥ አስማት እንዳይሠራብኝ ብሎ ሜዳ ላይ ነው ያነጋገረው። ንግሥቲቱ ግን ቀድሞም ክርስቲያን ነበረች።»

አባ ቀና አሉ። «ክርስቲያን ካለበት ቤት ምን ሊያደርግ ሄደ?»

ይችን ጥያቄ ዋጥኳትና ለእንግሊዙ፣ «ታሪኩ ልባቸውን ነክቷቸዋል» አልኩ።

በዚያው ሳምንት እንግሊዙ፣ «አንድ አዛውንት መነኩሴ ወደ ጌታ እየቀረቡ ነው» ብሎ እዚሁ ከተማ ላለው የሚስዮን አለቃው ጻፈ፤ በኩራት አሳየኝ። አባ ደግሞ ዓይናቸው ስለማያይላቸው እኔኑ አስጽፈው፣ «አንድ እንግሊዛዊ ለጥምቀት ደርሷል» ብለው ለሰፈራችን ቄስ ላኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አለቃው ካሜራ አንጠልጥሎ ከኦሎምፒያ መጣ። ብዙም ሳይቆይ ቄሱ ማዕተብ ይዘው ገቡ። እናቴ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። አለቃው የአባን እጅ ጨብጦ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እንኳን ወደ ጌታ መጡ» አላቸው። ቄሱ እንግሊዙን፣ «ልጄ፣ ክርስትና ስም መርጠሃል?» አሉት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በሁለት ቋንቋ ተናዘዝኩ። ለቅሶው ግን አንድ ነበር።

ቄሱ ማዕተቡን ወደ ኪሳቸው መለሱ። አለቃው ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። እንግሊዙ እስከ ጆሮው ቀላ። አባ አንገታቸውን እንደደፉ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ እየሳቁ ነው።

«ያን ቀን የዋጥሽውን ጥያቄ አሁን ንገሪው» አሉኝ። «ክርስቲያን ካለበት ቤት ምን ልታደርግ መጣህ በይው።»

ነገርኩት። «ክፍሉ ርካሽ ስለነበረ» አለ።

ስተረጉምላቸው አባ እንደገና ሳቁ። «አሁን እውነት ተናገረ» አሉ።

አባ ዓይናቸው ተሽሏቸው ወደ ገዳም ሲመለሱ፣ ጓዛቸውን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኛቸው እንግሊዙ ነው። እኔን ነይ ያለኝ የለም። በወሩ እሱም አገሩ ገባ። እናቴ ደላላውን ጠርታ፣ «በቃ፣ አሁን መሐንዲስ ነገር ፈልግልኝ» አለችው። «ሃይማኖቱን ለራሱ የሚይዝ።»