በተዋናይቷ ፈንታ የጎረስኩት

ከቦሌ የተነሳሁት የማታውቀኝ አንዲት ሴት እህል እንድትቀምስ ለማድረግ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ "ዘመድ ልጠይቅ ነው" እል ነበር። እውነቱን ብናገርማ ማን ያምነኛል?

ሥራዬ የኮሪያ ተከታታይ ድራማዎችን የአማርኛ ድምፅ ማልበስ ነው። ለዓመታት የአንዲት ተዋናይት አፍ ሆኜ ኖሬአለሁ። ስሟን እንዳልጽፍ ልጇ ስለለመነኝ ተዋናይቷ እያልኩ እቀጥላለሁ። የእናቴ የአጎት ልጅ እትዬ አስቴር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በየቤቱ እየሄደች ሕመምተኛ ታስታምማለች። አንድ ቀን ደወለች።

"ስሚ፣ አዲሷ ፔሸንቴ ያቺ አንቺ ዳብ የምታደርጊያት ሴትዮ ናት። ስትሮክ መቷት መናገር አትችልም። ሶ አሁን ደግሞ ምግብ እምቢ ብላለች። በቱቦ እንዳትመገብ ደግሞ ገና በደህናዋ ተናግራለች። ያንቺን ድራማ በስልኬ ስከፍትላት ግን ቀና አለች። ነይ በናትሽ።"

ፌርፋክስ

እትዬ አስቴር ከኤርፖርት ተቀብላ በቀጥታ ፌርፋክስ ጎዳና ወሰደችኝ። እዚያ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባለው የሐበሾች ሰፈር አንድ ብሎክ ብቻ ነው። እሱኑ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ደጋግመን ዞርነው። "እዚህ አገር ሰውን የሚያስረጀው ፓርክ ማድረግ ነው" አለች እትዬ አስቴር። ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ ስናዝ አስተናጋጇ ድምፄን ሰምታ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች።

"ውይ! አንቺ ያቺ ኮሪያዊቷ ነሽ እንዴ? የሞትሽ ቀን እማዬ እራት አልበላም ብላ ነው የተኛችው!"

ሳቅን።

ተዋናይቷ ወደ እኛ የመጣችው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ የተገዛው ድራማ ውስጥ ታማሚ እናት ሆና ሞተች፤ ቀጥሎ በመጣው ሙሽራ ነበረች፤ በቅርቡ ደግሞ የቤተ መንግሥት ገረድ፣ ገና ሃያ ያልሞላት ልጅ። እውነተኛውን መንገዷን እትዬ አስቴር ከልጇ ሰምታ ነው የነገረችኝ። ከገረድ ሚና ተነስታ ወደ ዋና ተዋናይነት ወጣች። ባሏን ስትፈታ ሐሜቱ ተነሳ፣ ማስታወቂያዎቿ ወረዱ፣ ጣቢያዎቹ ፊታቸውን አዞሩባት። ስትመለስ የተሰጣት የእናት ቦታ ብቻ ነበር፤ ያውም ድራማው ሳያልቅ የምትሞት እናት። በመጨረሻ እሱም ቀረና ልጇ ወዳለበት መጣች።

"ምግብ ቤት ብትገባ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ብቻዋን ነበር አሉ የምትበላው" አለች እትዬ አስቴር።

ኦሎምፒክ ጎዳና

በማግስቱ በኦሎምፒክ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ነዳን። የአማርኛው ጽሑፍ ወዲያው አለቀና ትንሽ ቆይቶ ማስታወቂያው ሁሉ ኮሪያኛ ሆነ። ያን ያህል ዘመን በአፋቸው ሳወራ ኖሬ አንዲት ፊደል ማንበብ አልቻልኩም። ሻንጣዬ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ይዤላታለሁ። ስድሳ ዓመት እንዳለፋት እያወቅሁ፣ ለልብስ ሰፊው ወገቡን ያሳየሁት በገረዲቱ ልክ ነበር።

ቤቷ ስንደርስ ተዋናይቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። እነዚያን ከንፈሮች ከራሴ ይልቅ አውቃቸዋለሁ፤ አሁን ግራቸው ወደ ታች ወርዷል። እትዬ አስቴር ቀሚሱን አለበሰቻት። ወገቡ ልክክ አለ።

ከድራማዎቿ የማስታውሰውን ሁሉ በአማርኛ አወራሁላት። አየት አደረገችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። የሩዝ አጥሚቱ ሲቀርብላት ጥርሷን ገጠመች። ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መምጣቴ ከንቱ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ።

ያኔ ነው ሥራዬ ትዝ ያለኝ። ኮሪያዎች ድራማቸው ውስጥ ሁልጊዜ ይበላሉ። በባዶ አፍ ብንናገር ያስታውቅብናል፤ ስለዚህ ቁራሽ ዳቦ ይዘን ማይክሮፎን ፊት እንቆማለን። እሷ ስትጎርስ እጎርሳለሁ፣ እሷ ስትውጥ እውጣለሁ።

"እትዬ፣ ዳቦ አለ?"

ድራማው ውስጥ ገረዲቱ ወጥ ቤት ጀርባ ተደብቃ የቀዘቀዘ ሩዝ የምትበላበት ትዕይንት አለ፤ እየተጣደፈች፣ እያለቀሰች። እንደዚያው አድርጌ በላሁ። ተዋናይቷ ዞረች። አገጯ ተንቀሳቀሰ፤ ባዶ አፏን አላመጠች። እትዬ አስቴር ማንኪያውን ሾለክ አደረገችላት። ዋጠች።

"ጌታ ይባረክ! ቀጥዪ፣ ስቶፕ እንዳታደርጊ!"

እኔ ስቆም እሷም ትቆማለች። በቆየሁባቸው ቀናት ሁሉ ሚድ ሲቲ ካለው ከእትዬ አስቴር ቤት እየተነሳን ሄድን፤ እኔ ዳቦ እሷ አጥሚት፣ ፊት ለፊት። ዳቦ እስኪያንገሸግሸኝ በላሁ። በመጨረሻው ቀን ደህናውን እጇን ዘርግታ አገጬ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ጠረገችልኝ። መሄዴን እንዴት ልንገራት? አልነገርኳትም። ስበላ የሚሰማውን ድምፅ እትዬ አስቴር ስልክ ላይ ቀድቼ ወጣሁ።

አዲስ አበባ

ከገባሁ ጥቂት ቀን ቆይቶ እትዬ አስቴር ደወለች። "ቅጂውን ፕሌይ አደርግላታለሁ። በሩን በሩን ታያለች እንጂ አፏን አትከፍትም።" ቀጥሎ ስትደውል ድምፅዋን ስሰማ ተዋናይቷ ማረፏ ገባኝ።

ድምፅ ሰጠኋት ብዬ ስኮራ ኖሬአለሁ። ለካ ሴትየዋ ያጣችው ድምፅ ብቻ አልነበረም። ያጣችው ከፊቷ ተቀምጦ አብሯት የሚበላ ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ መንገድ ሄድኩ፤ አውቄም ትቻት መጣሁ።

በዚያው ሳምንት ስቱዲዮ ተጠራሁ። አዲስ የተገዛው ድራማ የእሷ የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ስክሪኑ ላይ ገና ልጅ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ክብ ሠርታ ተቀምጣ እየሳቀች ኑድል ትበላለች። ዳቦውን ጎረስኩ። አላመጥኩ። ጉሮሮዬ ግን እምቢ አለ።

ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ማዶ በማዳመጫው ተናገረኝ።

"ምን ሆነሻል? ዋጪ እንጂ። እሷ እኮ ውጣለች።"