ጨረታ አሸንፌ ያስደነገጥኩት አዳራሽ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ወዶ ዘማቾች ወደ ሰሜን ሊሄዱ ሲሰናዱ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይቺን ግን አልረሳትም፤ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ታስቀኛለች።

ያኔ ሐዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት። ከገጠር ከመጣሁ ገና ነኝ፤ ፒያሳ አካባቢ ወፍጮ ቤት ጆንያ እሸከማለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ ተኝታለች። ለአራስ በግ ይታረዳል፤ የገበያው በግ ደግሞ ዋጋው አልቀመስ አለኝ።

ቀበሌያችን ለዘማቾቹ ስንቅ መርጃ በግ በጨረታ ይሸጣል ሲባል፣ ያለችኝን ሳንቲም ቋጥሬ ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ዘማቾቹ ከፊት ተቀምጠዋል። በጉ ላቱ የሚንዘረፈፍ፣ የሰባ ነው።

አንድ ነጋዴ ዋጋ ጠራ። እኔ ትንሽ ጨመርኩ። እሱ አልጨመረም፤ ተጨበጨበልኝ። «ከተማ እንዲህ ርካሽ ነው እንዴ!» አልኩ በሆዴ። ከፈልኩና ገመዱን ይዤ ወደ በሩ።

ጭብጨባው ቆመ።

«ጓድ! በጉን ወዴት ነው?» አሉ የቀበሌው ሊቀመንበር።

«ወደ ቤት ነዋ።»

«ምን ሊሆን?»

«ሊታረድ።»

አጠገቤ የነበሩ እናት ክንዴን ቆነጠጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ‹ለእናት ሀገር መልሻለሁ› በል! እየተሸጠ እየተመለሰ ነው የሚያመሸው፤ ማን ይዞት ሄዶ ያውቃል?»

በዚያን ዘመን በእንዲህ ያለ ስብሰባ መሳሳት አያስቅም። ብመልሰው ደግሞ ገንዘቡም በጉም የለኝ፤ አራሷ ምን ትቅመስ? እውነቱን አወጣሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሚስቴ አራስ ናት። እኛ አገር ደግሞ የከፈለ ይወስዳል።»

መጀመሪያ የሳቀው ከዘማቾቹ አንዱ፣ ጺሙን ያጎፈረ ሰውዬ ነው። ተነሳና «በጉ ለኛው ስንቅ አይደል? እኔ ድርሻዬን ለአራሷ ሰጥቻለሁ» አለ።

«እኔም!» «እኔም!» አሉ ጓደኞቹ።

ሊቀመንበሩ ግራ ገባቸው። ዘማችን እንዴት እምቢ ይበሉ? ግራ እጃቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ «አራሷ ከነልጇ ለዘላለም ትኑር!»

አዳራሹ በሙሉ ተቀብሎ ጮኸ። እኔም ጮህኩና፣ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ በጉን እየጎተትኩ ሮጥኩ።

ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ «የዘማች ስንቅ ቀምተህ ነው የምታበላኝ?» ብላ ተቆጣች። መረቁን ግን አልመለሰችም፤ ፉት ባለች ቁጥር «ያንን ሰው በሰላም ይመልሰው» ትላለች።

ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም፤ ይቆጨኛል። ምርቃቷ ደርሶለት ከሆነ ግን፣ ይሄኔ እሱም ልጆቹን ሰብስቦ፣ በግ ይዞ ስለኮበለለው ባላገር እያወራ ይስቅብኛል። ይሳቅብኝ፤ ደስ ይለኛል።