በብሎኖቹ ላይ የቀባሁት ቀይ ቀለም

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። እኔ ገንፎው ሳይቀርብ የምጠረጥር ሰው ነኝ። በኤሌክትሪክ ሥራ በምተዳደርባት በደቡብ ሱዳኗ ጁባ፣ ከ2006ቱ የታኅሣሥ ጦርነት በኋላ ደግሞ ባሰብኝ።

ኒምራ ታላታ በሚባለው ሰፈር ወፍጮ ቤት ያላቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። ከልብስ አጠባ ተነስተው ያቆሙት ወፍጮ ነው። በግርግሩ ትልቁ ጄኔሬተራቸው ተዘረፈና አንድ ትንሽ ብቻ ቀራቸው። ሞተር ደግሞ ሲነሳ ከወትሮው አምስት ስድስት እጥፍ ከረንት ይስባል። ትንሹ ጄኔሬተር ወፍጮውን ሊያስነሳ ሲሞክር አንድ ጊዜ አቃስቶ ይጠፋል።

«እስከ ዓርብ ካልዞረ ሸጬው አገሬ እገባለሁ» አሉኝ።

መላው ድራይቭ ነበር፤ ሞተሩን ከዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚያፈጥን ሳጥን። ከመግዛታችን በፊት ግን ላፕቶፔ ላይ ሞዴል ልሥራ ብዬ ለአንድ ጠዋት ከጎረቤት ትልቅ ጄኔሬተር ተዋስን። ወፍጮው ሲነሳ ስንት አምፒር እንደሚስብ፣ በስንት ሰከንድ እንደሚፈጥን ለካሁ። ዓይኔ ከመለኪያው አልተነቀለም። ቁጥሮቹን ሳስገባ ኮምፒውተሩ ትንሹ ጄኔሬተር በድራይቭ ያስነሳዋል አለኝ።

ያገለገለ ድራይቭ ጁባ ታውን ሱቅ ካላቸው ያገራችን ሰው ገዛን፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። እዚያው በትንሽ ሞተር ሞከርነው፣ ሠራ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ነገ ይደርሳችኋል» አሉ።

ለምን ነገ? እስከዚያ የውስጡን ዕቃ ቢቀይሩትስ? ከጎናቸው ካለው ሱቅ ቀይ የጥፍር ቀለም ገዛሁና፣ ሐጂ ከደንበኛ ጋር ሲያወሩ በየብሎኑ ራስ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ብሎኑ ከተፈታ ቀለሙ ይሰነጠቃል።

ዓርብ ጠዋት ገጠምኩት። እትዬ እጃቸውን ወደ ወፍጮው ሲሰዱ አየሁና ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ምንም እንዳይነኩ! ይሄ በራሱ ነው የሚነሳው።»

እጃቸውን መለሱ። ቁልፉን ተጫንኩ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ የሚያያይዘው ቺንጋ ተወጠረ፣ ድራይቩ ጭነት በዛብኝ ብሎ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ያው። እትዬ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ብሎኖቹን አየሁ፤ ቀለሙ አልተነካም። ይሄ ጭራሽ አናደደኝ። ሰውዬው ምን ያህል ቢራቀቅ ነው ቀለሜን ሳይቀር አስመስሎ የቀባው! ደወልኩላቸው።

«ሐጂ፣ ያሳዩን ሌላ፣ የላኩት ሌላ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«መጣሁ» ብለው ዘጉት። ትንሽ ቆይተው በቦዳ ሞተር ሳይክል መጡ። ድራይቩን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ቀጥታ ወደ እትዬ ሄዱ።

«እህቴ፣ በፊት ስታስነሺው ምን ታደርጊ ነበር?»

«በድንጋዮቹ መሃል ያደረ እህል ስለማይጠፋ፣ በዚች መሪ ድንጋዮቹን አራርቄ አላላቸዋለሁ። ከዞረ በኋላ አጠብቃለሁ።»

«ዛሬስ?»

«አይንኩ አለኝ» አሉ እትዬ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

ያኔ ገባኝ። በለካሁ ዕለት እትዬ እንደ ልማዳቸው ድንጋዩን አላልተው ነበር፤ እኔ ያየሁት መለኪያዬን እንጂ እጃቸውን አይደለም። ሞዴሌ የላላ ድንጋይ ሞዴል ነው። ዛሬ ላስነሳ የሞከርኩት ግን እህል እንደ ነከሰ የተጣበቀውን ነው።

እትዬ መሪዋን ሁለቴ አዞሩ። ቁልፉን ተጫንኩ። ወፍጮው መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን እያለ ዞረ፤ ጄኔሬተሩ ድምፁን እንኳ አልቀየረም። እትዬ «ጌታ ይባረክ!» እያሉ አለቀሱ።

ሐጂ ያን ጊዜ ነው ወደ ድራይቩ ጎንበስ ያሉት። ጣታቸው አንዱ ቀይ ነጥብ ላይ ቆመ፣ ወደ ሌላው ሄደ፣ አራቱንም ነካ።

«ከጎረቤቴ የጥፍር ቀለሙን ስትገዛ አይቼህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ልጅ ሚስት ሊያገባ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»