ዋጥ አድርጊው

ናፍታሊን በሸተተኝ ቁጥር የአባቴ ካፖርት ትዝ ይለኛል። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር፣ ጎፋ፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቤት መስኮት ዘግተን በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት አብዮት ጠባቂዎች በሩን አንኳኩ። እኔን ደግሞ ሳል ያዘኝ። አባቴ ፊቴን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ «ዋጥ አድርጊው፣ ልጄ» አለኝ። እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ብቻዬን ነኝ» ሲሉ ሰማሁ።

ጠባቂዎቹ ሲሄዱ አባቴ፣ «በቃ፣ አሁን እንደልብሽ መሳል ትችያለሽ» አለኝ። ሳሉ ግን ጠፍቶ ለቅሶ መጣ። አባቴም «ስንቱን ዋጥነው» ብሎ አብሮኝ አለቀሰ። ምን እንደዋጠ ያኔ አልገባኝም።

ዛሬ ልጆቼ በድምፅ ማጉያ ሲዘምሩ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ።