የዳኤንግ ኬቦ አሸዋ

ዳኤንግ ኬቦ (“ዳኤንግ” በአገሯ የክብር መጠሪያ ነው) ባሕሩ ሲሸሽ ቆሻሻ ልትለቅም ጆንያዋን ይዛ ወደ አሸዋው መውረድ የጀመረችው ባሏ በሞተ ዓመት ነው። እዚያ ቦታ ነበር እናቷ በእግር ጣት እየዳሰሱ ዛጎል ማውጣት ያስተማረቻት። እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ጣትህ ጠንከር ያለ ነገር ሲነካ ጎንበስ ማለት ነው፤ እራት ተገኘ። ያ ጊዜ እንዴት ደስ ይል ነበር! ኋላ ግን እግሯ የሚነካው ጠርሙስና የፌስታል ቁራጭ ብቻ ሆነ። ዛጎሉ ጨርሶ ሳይጠፋ አሸዋው እንዲተነፍስ ፈለገች፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ጠርሙሱ ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም። የመንደሩ ሰው የባሕር ሣር በገመድ ላይ አስሮ ያበቅላል፤ ገመዱ እንዳይሰምጥም ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያስርበታል። ማዕበል ሲበጥሰው ሁሉም እሷ ደጅ ይከመራል።

“ባሕር ያመጣውን ባሕር ይወስደዋል፤ ምን ያደክምሻል?” ይሏታል ጎረቤቶቿ።

“ታዲያ ምነው እናንተ ደጅ አያመጣው?” ትላለች። ይሳሳቃሉ።

የነፋሱ ወቅት ባለፈ በአንድ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር ለቀመች። ከዓለቱ ሥር የተከመረውንም አልተወችም፤ ሁሉንም በመንደሩ በሚያልፈው የቆሻሻ መኪና ላይ አስጫነች። ደስ ብሏት እግሯን ስትታጠብ የባሏ እኅት ዳኤንግ ሲንጋ እየጮኸች መጣች።

“አንቺ ሴትዮ! ከዓለቱ ሥር አጥቤ ያሰጣኋቸው ጠርሙሶቼ የታሉ?”

“ያንቺ ነበሩ እንዴ?”

“የማን ሊሆኑ ኖሯል፣ የዓሣ? የሣሩን ችግኝ ገመዱ ላይ አስሬ ጨርሻለሁ፤ ነገ ባሕር ካልገባ ቤቴ ሥር ሊበሰብስብኝ ነው። አሸዋውን ስትጠርጊ እኔንም ጠረግሽኝ!”

መኪናው ሄዷል። ዳኤንግ ኬቦ ወደ ጓሮ ዞረችና ቀርከሃውን አየችው። ባሏ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የዓሣ መረቡን የሚያንሳፍፈው በቀርከሃ ነበር፤ ይህንንም በእጁ የተከለው እሱ ነው። ከሞተ ወዲህ ማንም ቆርጦት አያውቅም። ገጀራዋን አነሣች።

“የወንድሜን ቀርከሃ?” አለች ሲንጋ፣ ድምፅዋ ወርዶ። “ቅጠሉን የነካውን ሁሉ ስትሰድቢ አልነበር?”

“ዛሬ ራሴን እሰድባለሁ። ነይ፣ ያዢልኝ።”

አየር እንዳይወጣው ቀርከሃውን ከአንጓ እስከ አንጓ እየቆረጡ እስኪመሽ ገመዱ ላይ አሰሩ። በማግስቱ ገመዱ ባሕር ገባ፤ ተንሳፈፈም። ጎረቤቶቹ ሳቁ። ካንዳንዶቹ በቀር ሁሉም በጠርሙሳቸው ቀጠሉ፤ እሷም መልቀሟን ቀጠለች። ማዕበል የሲንጋን ገመድ ሲበጥስ ግን ወደ አሸዋው የሚመጣው ቀርከሃ ሆነ፤ ያንን አድርቃ ታነድደዋለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ባሕሩ ርቆ በሸሸ በአንድ ጠዋት፣ ጣቷ ጠንከር ያለ ነገር ነካ። ቆመች።

“ምነው፣ ጠርሙሶቼን አገኘሽልኝ?” አለች ሲንጋ ከደጇ ሆና።

ዳኤንግ ኬቦ ጎንበስ ብላ ያወጣችውን ዛጎል ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

“ሩዝሽን ጣጂ፤ ወጡ ከኔ ነው” አለቻት።