ከበሩ ጀርባ ያለው ታኮ

እኔ መጻፍ የሚባል ነገር ያስፈራኛል። ፊደል የቆጠርኩት ስሜን ለመጻፍ ያህል ነው፤ የተሳሳትኩትን አንባቢ በልቡ እያቃና ይለፈኝ። ግን ስለ ጋሽ ታኮ ሌላ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። ሚስቱ ታላቅ እህቴ፣ እሱም የሥራ ባልደረባዬ ስለሆነ የቤቱንም የሥራውንም አውቃለሁ።

ጋሽ ታኮ ያልነው በሥራው ነው። በአንዲት ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የቆመ አውሮፕላን እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ ያስገባል፤ ሊነሳ ሲል ያወጣል። እኛ ነዳጅ ቀጂዎቹ «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር እኮ አውሮፕላኑ ሁሉ አምልጦ ገበያ ይወርድ ነበር» ስንለው፣ «ለእናንተ ምላስ የሚሆን ታኮ ነው የጠፋው!» ይለናል።

አንድ ልማድ ነበረው። ታኮ ያወጣለት አውሮፕላን ሲመለስ፣ ያንኑ ታኮ በገዛ እጁ ካላስገባለት ቅር ይለዋል። አንድያ ልጁ አብራሪ ሆኖ እዚያው መብረር ሲጀምር ልማዱ እንደ ጸሎት ሆነ። አንድ ቀን ታኮውን ስቦ አውራ ጣቱን አሳየው። ልጁ በመስኮቱ ሳቀለት። ሄደ። ተራሮቹ ላይ ደመና ነበር ተባለ፤ ፈላጊ ወጣ፣ ስባሪ እንኳ አልተገኘም።

ጋሽ ታኮ ያን ታኮ ወደ ቤት ወስዶ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠው። እህቴን ጥቁር እንዳትለብስ ከለከላት። «ያልሞተ ሰው አይለቀስም» አለ። እሷም እንባዋን ዕቃ ስታጥብ ከውሃው ጋር ታፈሰው ጀመር።

ልጁ ከራስጌው የማይለየው መጽሐፍ ነበረው፤ ድሮ ፖስታ በአውሮፕላን ያመላልስ የነበረ አንድ ሽማግሌ የሕይወቱን ታሪክ የጻፈበት። እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ጋሽ ታኮ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ለእህቴ ያነብላታል። ሽማግሌው ነፋስን እንደ ባልንጀራ፣ ከዋክብትን እንደ ጎረቤት ነው የሚያያቸው። ከላይ ሲታይ የሰው ጭንቀት ሁሉ የጉንዳን መንገድ ነው ይላል። ጋሽ ታኮ ይወደው ነበር። አንዴ ብቻ፣ «ሞተሩን አመሰገነ፣ ጨረቃን አመሰገነ፤ ለመሆኑ ታኮውን ማን አወጣለት?» ብሎ አጉረመረመ።

አንድ እሑድ፣ በርሮ ስለቀረ ጓደኛው የሚያወራበት ገጽ ላይ ደረሱ። አላለቀስንለትም ይላል ሽማግሌው፤ ሰማይ መቃብር የለውም፣ ራቅ ያለ ቦታ አርፎ ዘግይቶ ነው።

«ሰማሽ?» አለ ጋሽ ታኮ ፊቱ በርቶ። «ዘግይቶ ነው! እኔስ ምን አልኩሽ?»

እህቴ የምትሰፋውን ልብስ ጭኗ ላይ አሳረፈች። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሽማግሌ ልጅ ነበረው?»

ገጾቹን ወደኋላ ገለበጠ። «አልጻፈም።»

«እንግዲያው ለጓደኛ ይበቃ ይሆናል። ሰማይ መቃብር ባይኖረው እኔ የወለድኩት ምድር ላይ ነው። በሞቴ፣ ልጄን ላልቅሰው።»

መጽሐፉን ዘጋ። መነጽሩን አውልቆ ሲጠርገው ቆየ።

«ሳቀልኝ እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ታኮውን ሳወጣለት ሳቀልኝ። እኔ ነኝ የለቀቅኩት።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። እኔም ቁርሱን አብልቼ ነው የለቀቅኩት።»

በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ቀሚሷን ራሱ ከሣጥን አውጥቶ አልጋው ላይ ዘረጋላት። ታኮውን በብብቱ ይዞ ሥራ ገባ። ከእኛ መሃል የቀለደ የለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አርፎ ሲቆም ተንበረከከና፣ የልጁን ታኮ ከጎማው ሥር አስገባው።